ሸለፈት ወደ ኋላ አልመለስ ሲል፦ ስለ ፊሞሲስ ለወንዶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ክሊኒክ ደጃፍ ሲደርስ ስሙን የሚቀይር ነው። ሰውየው ካርድ ሲያወጣ «ኩላሊቴን» ይላል። ተራው ደርሶ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ይሆናል። ሊወጣ ተነሥቶ የበሩን እጀታ ሲይዝ «እግረ መንገዴን አንድ ነገር…» ይጀምራል። የመጣው ግን ለዚያች በር ላይ ለተነገረችው ነገር ነበር። ስለዚህ እኛ ከበሩ ሳይሆን ከወንበሩ እንጀምር።

የወንድ ብልትን ራስ የሚሸፍነው ቆዳ ሸለፈት ይባላል። ይህ ቆዳ ጠቦ ወደ ኋላ አልመለስ ሲል በሕክምና ፊሞሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የአባላዘር በሽታ አይደለም። በሚስትም ሆነ በባል ላይ የታማኝነት ማስረጃ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቱቦ ቅባትና በጥቂት ሳምንት ትዕግሥት የሚስተካከል ነገር ነው። ከባድ የሚሆነው በጉልበት ሲነካካ ወይም ለዓመታት ሲደበቅ ነው።

ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ «እኔ ተገርዣለሁ፤ ምን አገባኝ?» ሳትሉ አትቀሩም። እውነት ነው፣ በኢትዮጵያ ከ10 ወንዶች 9ኙ ገደማ የተገረዙ ናቸው። ግን ሎንዶን ወይም ፍራንክፈርት የተወለደ ያልተገረዘ ወንድ ልጅ ያላችሁ አላችሁ፤ ሽማግሌ አባት የምታስታምሙ አላችሁ። የተገረዘ ሰውም ከዚህ ችግር ሙሉ በሙሉ ነጻ እንዳልሆነ ወደ ኋላ ላይ እንደርስበታለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜ ነው። ወንድ ልጅ ሲወለድ የሸለፈቱ ውስጠኛ ገጽና የብልቱ ራስ ጥፍር ከሥጋው እንደተጣበቀ ተጣብቀው ነው የሚወለዱት። ይህ ጉድለት ሳይሆን አፈጣጠር ነው። ብሪታኒያዊው የሕፃናት ሐኪም ዳግላስ ጌርድነር በ1949 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ባሳተመው ጥናት፣ ሲወለዱ ሸለፈታቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ የሚመለስላቸው ሕፃናት 4 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። በ1968 ዴንማርካዊው ያኮብ ኤስተር ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ የትምህርት ቤት ልጆችን ለዓመታት ተከታትሎ ያገኘው ደግሞ ለወላጆች ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ከ6 እስከ 7 ዓመት ባሉት ልጆች 8 በመቶ ላይ የታየው ጥበት ከ16 እስከ 17 ዓመት ባሉት ላይ 1 በመቶ ብቻ ሆኗል። ብዙዎቹ ያለ ምንም ሕክምና ተላቀቁ ማለት ነው።

መላቀቁ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። በሁለቱ ገጾች መካከል ያሉት ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየረገፉ ክፍተት ይፈጥራሉ። የረገፉት ተጠራቅመው ከቆዳው ሥር ነጭ ወይም ቢጫማ እብጠት መስለው ይታያሉ። ብዙ እናቶች መግል መስሏቸው ይደነግጣሉ። መግል ከሆነ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ልጁን ያመዋል፤ ይህ ግን ምንም አያመውም፣ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወጣል። ሕፃኑ ሲሸና ሸለፈቱ ለአፍታ መነፋቱም፣ ሽንቱ ከዚያ በደንብ ከፈሰሰና ልጁ ካላለቀሰ፣ በራሱ የሚያስፈራ ምልክት አይደለም።

የሚያስፈራው የአዋቂ እጅ ነው። «እንዳይጣበቅበት» ተብሎ በየቀኑ ሲታጠብ በጉልበት ወደ ኋላ የሚሳብ ሸለፈት ጠርዙ ላይ በዓይን በማይታይ መጠን ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ስንጥቁ ሲድን ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ አይለጠጥም። በተፈጥሮ ሊላቀቅ የነበረው ቆዳ በዚህ መንገድ እውነተኛ ፊሞሲስ ይሆናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሸለፈት በጉልበት እንዳይሳብ የሚመክረው ለዚህ ነው። ሞግዚት ብትሆን፣ አያት ብትሆን፣ ነርስም ብትሆን «ተዪው፣ በጊዜው ይመለሳል» ማለት መብታችሁ ነው። እስከዚያ ድረስ እንክብካቤው ውጩን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ብቻ ነው። ሸለፈቱ በራሱ መመለስ ሲጀምር ልጁ ራሱ እንዲለማመድ አስተምሩት፦ ሳያመው ወደ ኋላ ሳብ፣ በውሃ አለቅለቅ፣ አደራርቆ ወደ ፊት መመለስ። ይህቺን የመጨረሻዋን አትርሷት፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ሐኪሞችንም ማማት ተገቢ ነው። በ1870 የኒው ዮርኩ ቀዶ ሐኪም ሉዊስ ሴይር እግሩን መዘርጋት ያቃተውን የ5 ዓመት ልጅ ገርዞ «የሽባነቱ ምክንያት የሸለፈት ጥበት ነበር» ብሎ አወጀ። ከዚያ በኋላ ብዙ በሽታ በሸለፈት ላይ ተላከከ። ማጋነን ዛሬም አልጠፋም፤ የ2 ዓመት ሕፃን ስለማይመለስለት ብቻ «ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል» ከተባላችሁ ሁለተኛ ሐኪም ጠይቁ።

ልጅን ወደ ሐኪም የሚያስወስደው ሌላ ነው። ሽንቱ ጠብ ጠብ እያለ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ሲሸና የሚያለቅስ ከሆነ፣ ጫፉ በተደጋጋሚ እየቀላ መግል የሚያወጣ ከሆነ፣ ትኩሳት ያለው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከያዘው፣ ወይም ጫፉ ላይ ነጭና ደረቅ ቀለበት ከታየ መታየት አለበት። ጤናማው ጥበትና ጠባሳው በዓይን ይለያሉ፦ ቀስ ብላችሁ ሳብ ስታደርጉት ጤናማው ሸለፈት ውስጡ ያለውን ሮዝ፣ ልስልስ ቆዳ ወደ ውጭ ገልበጥ ያደርጋል፤ ጠባሳ ያለበት ግን ነጭ ሆኖ ድርቅ ይላል እንጂ አይገለበጥም።

ልጃችሁን በእምነትና በባህል ምክንያት ለማስገረዝ ያሰባችሁ ወላጆች፣ ከምላጩ በፊት ሦስት ነገር እዩ። የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከሥር በኩል ከሆነ ሃይፖስፓዲያስ ይባላል፣ ማስተካከያው ቀዶ ሕክምና ሸለፈቱን እንደ ቁሳቁስ ስለሚጠቀምበት መገረዝ የለበትም። ከእናቱ ወገን በትንሽ ቁስል ብዙ የደማ ወንድ ካለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሄሞፊሊያ የሚተላለፈው በእናት በኩል ነው። የእናቲቱ የቴታነስ ክትባትና የሕፃኑ የቫይታሚን ኬ መርፌ መሰጠታቸውንም ጠይቁ። አገር ቤት በልማድ ገራዥ እጅ የሚደርሰው መድማት፣ ኢንፌክሽንና የሽንት ቧንቧ መበሳት ከእነዚህ መታለፍ፣ ካልሠለጠነ እጅና ካልጸዳ መሣሪያ ሊመጣ ይችላል። አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በስዊድን በ2001 የወጣው ሕግ ከ2 ወር በላይ የሆነውን ልጅ ሐኪም ብቻ እንዲገርዝ ያዛል፤ በጀርመን በ2012 መጨረሻ የጸደቀው ሕግ ከሐኪም ውጪ ለሠለጠነ የሃይማኖት ገራዥ የሚፈቅደው እስከ 6 ወር ድረስ ነው። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት የሕክምና ምክንያት ለሌለው ግርዛት በአጠቃላይ ስለማይከፍል አንዳንዱ ሳሎን ውስጥ በድብቅ ያስገርዛል። ገንዘብ ማጠራቀም ይሻላል።

አሁን ወደ አዋቂው እንምጣ። እስከ 30 እና 40 ዓመቱ ያለ ችግር ሲመለስለት የኖረ ሰው ድንገት ከጠበበበት «ምን ለወጠው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። በብዛት ከሚገኙት መልሶች አንዱ ስኳር ነው። የደም ስኳር ከመጠን ሲያልፍ ስኳሩ ወደ ሽንት ይፈስሳል፣ ከሸለፈት ሥር የምትቀር ጠብታ ካንዲዳ ለሚባለው ፈንገስ ምግብ ትሆናለች፣ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲድን ይጠባል። አንዳንድ ሰው የስኳር በሽታ እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት አዲስ ጥበት ያለበት ወንድ ሁሉ የጾም ደም ስኳሩን ይለካ፤ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የምትወስዱ የስኳርና የልብ ሕሙማን ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ስኳርን በሽንት በማስወጣት ስለሆነ ፈንገሱን ያበረታሉ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ከሸናችሁ በኋላ ጫፉን አደራርቁ፣ ማሳከክ ሲጀምር ቶሎ ተናገሩ።

ፈንገስ ከሆነ 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ቅባት ቀን ሁለቴ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃዋል። ሳሙና፣ ዴቶል፣ አልኮል፣ ሎሚና ጨው እዚያ ቦታ አያስፈልጉም፤ ቆዳውን እያቃጠሉ የባሰ ያሳብጡታል፣ ሰውየውም «አልጸዳም» ብሎ ይጨምርበታል። ከምናየው ጉዳት ሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ከመጠን ያለፈ መታጠብ ነው። ቅባቱን በምትጠቀሙበት ጊዜ ኮንዶም ላይ አትተማመኑ፤ ዘይትነት ያላቸው ቅባቶች ላቴክሱን ያዳክሙታል።

ሌላው ምክንያት ላይከን ስክሌሮሰስ የሚባል የቆዳ በሽታ ነው። ነጭ፣ ደረቅና አንጸባራቂ ጠባሳ እየሠራ ጫፉን ያጠብባል፤ ካልታከመ ወደ ሽንት ቀዳዳውና ወደ ቧንቧው ሊዘልቅ ይችላል። ክሎቤታሶል የሚባለው ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ቅባት በሐኪም ትእዛዝ ቀን አንዴ ከ1 እስከ 3 ወር ይሞከራል፤ ካልሆነ ግርዛት ነው። ይህ በሽታ ካንሰር ሊከተለው ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ጠባሳ ለሌለበት ተራ ጥበት መድኃኒቱ 0.05 በመቶ ቤታሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ ቅባት ነው። ለብዙዎች ይሠራል፤ ለማይሠራላቸውም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከአቀባቡ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ። እጃችሁን ታጠቡ። ለብ ባለ ውሃ ከታጠባችሁ በኋላ፣ ቆዳው ለስልሶ ሳለ፣ ሸለፈቱን እስከማያም ድረስ ብቻ ወደ ኋላ ሳቡት። እዚያ ላይ የሚያጠብቀው ቀለበት ይታያችኋል። የአተር ፍሬ የምታህል ቅባት ወስዳችሁ እዚያው ቀለበት ላይ፣ ዙሪያውን፣ እስኪጠፋ አሹት። ጠዋትና ማታ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በየቀኑ ቀለበቱ እስኪወጠር ሳብ አድርጋችሁ 30 ሰከንድ ያህል ያዙት፣ ልቀቁት፣ ጥቂት ጊዜ ድገሙት። መወጠር እንጂ ሕመም ሊሰማችሁ አይገባም፤ ከተሰነጠቀ እስኪድን መሳቡን አቁሙ።

ብዙው ሰው የሚሳሳተው ቅባቱን ውጨኛው ቆዳ ላይ ቀብቶ ቀለበቱን ሳይነካው በመቅረቱ ነው። ሌላው በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ላላ ሲል «ዳንኩ» ብሎ ያቆማል፤ ሌላው ደግሞ ቸኩሎ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይሞክርና ይቀደዋል። ከተሳካለትም በኋላ በየቀኑ ሲታጠብ መመለሱን የተወ ሰው በወራት ውስጥ ተመልሶ ይጠብበታል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ሦስት መድኃኒት የተቀላቀለበት ቅባትና የፊት ማቅሊያ ክሬም ለዚህ አይሆኑም፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ ጠንካራ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል። ያልታከመ ፈንገስ ወይም ቁስል ካለም መጀመሪያ እሱ ይታከም።

ቅባቱ ካልሠራ ቀዶ ሕክምና አለ። ሸለፈቱን ማቆየት ለሚፈልግ ቀለበቱን በቁመት ሰንጥቆ በአግድም የሚሰፋ ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ጠባሳ ለበዛበት አይመከርም። ግርዛት ለአዋቂ በማደንዘዣ መርፌ ይሠራል፣ ከሰዓት በላይ አይፈጅም፣ በዚያው ቀን ቤት ይገባል። ስፌቱ በ2 እና 3 ሳምንት ውስጥ ራሱ ይረግፋል። የቢሮ ሥራ በቀናት ውስጥ ይጀመራል፤ ግንኙነትና ራስን በራስ ማርካት ግን 6 ሳምንት ይቆያሉ፣ ቁስሉ ከውጭ የዳነ ቢመስልም። ከደማ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሳታነሡ ጫኑት፤ ካልቆመ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ።

ወደ ፊት መመለስን አትርሱ ያልነው ለዚህ ነው፦ ጠበብ ያለ ሸለፈት ወደ ኋላ ተስቦ እዚያው ከቆየ የብልቱን አንገት ያንቃል፣ ደም ይታገዳል፣ ጫፉ ያብጣል፣ እብጠቱ ደግሞ መመለሱን የባሰ ይከለክላል። ፓራፊሞሲስ ይባላል፤ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ከግንኙነት በኋላ በወጣቶች ላይ ይመጣል፤ በሽማግሌዎች ላይ ግን ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ያስገባው ባለሙያ ሸለፈቱን ሳይመልስ ሲሄድ ነው። አባታችሁን ካቴተር ካስገቡለት ሸለፈቱ መመለሱን ሳታዩ አትውጡ። ከደረሰ ያበጠውን ክፍል በጭብጣችሁ እኩል ጫና አድርጋችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያዙት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ይረዳል። እብጠቱ ሲቀንስ በሁለት አውራ ጣት የብልቱን ራስ ወደ ውስጥ እየገፋችሁ በቀሩት ጣቶች ቆዳውን ወደ ፊት ሳቡ። ካልተሳካ፣ ወይም ጫፉ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እስኪነጋ መጠበቅ ሥጋ ያስቆርጣል።

ለተገረዙት እንዳልነው እንመለስ። ግርዛት ሲሠራ የውስጠኛው ቆዳ ብዙ ከቀረ ቁስሉ ሲድን ቀለበት ሆኖ ሊጠብና ብልቱን ወደ ውስጥ ሊያስቀር ይችላል፤ በሕፃንነታቸው ወፈር ባሉ ልጆች ላይ ይታያል። ቆዳው ከብልቱ ራስ ጋር ተያይዞ ድልድይ የሠራበትም አለ፤ ሲቆም ይስባል፣ ያማል። ሽንቱ ቀጭን ሆኖ ወደ ላይ የሚረጭ የተገረዘ ልጅ የሽንት ቀዳዳው ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ ማስተካከያው አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። እነዚህን ይዘው ያደጉ ወንዶች ሲያገቡ ሕመሙን ሸሽተው ግንኙነትን ይሸሻሉ፣ ሰውም «ስንፈተ ወሲብ አለበት» ይላቸዋል። ለተሳሳተው በሽታ ጠበል ለጠበል፣ ሥር ማሽ ለሥር ማሽ ይዞራሉ።

ስድቡንም እናንሣው። በእኛ ዘንድ «ያልተገረዘ» መባል ስድብ ነው። ነገር ግን ጋምቤላ ውስጥ በኑዌርና በአኙዋ ባህል ግርዛት የወንድነት መለያ አልነበረም። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የተካሄዱትን ጥናቶች ይዞ ግርዛት ኤችአይቪ ከሴት ወደ ወንድ የመተላለፍ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ካሳወቀ በኋላ በፈቃደኝነት የሚደረግ ግርዛት በጋምቤላ ተጀምሯል። «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል እዚያ የገባው ሆን ተብሎ ነው። ሰውን ያሸማቀቀ ዘመቻ ታካሚ አያመጣም፤ የቀረው 40 በመቶም በኮንዶም እንጂ በስድብ አይሸፈንም።

መደበቅ ከሁሉ የሚከፋው በካንሰር ነው። የብልት ካንሰር ብርቅ ነው፤ ግን ፊሞሲስ፣ በግንኙነት የሚተላለፈው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስና ሲጋራ ሲገናኙ ዕድሉ ይጨምራል፣ ጠባቡ ሸለፈትም ቁስሉን ይሸፍነዋል። ሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ እብጠት፣ ከሸለፈት ሥር የሚወጣ ደም ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ካያችሁ ቅባት አትሞክሩ፤ ታዩ።

ሐኪም ፊት ምን እንበል ለምትሉ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ሸለፈቴ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከ3 ወር ጀምሮ ነው፤ ሲቆም ያመኛል።» አፍ ካልወጣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ። ውጭ አገር ያላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ወንድ እንዲሆንና በስልክ እንዲሆን መጠየቅ ትችላላችሁ፣ እናንተን የሚያውቅ የሰፈር ሰው እንዳይሆንም እንዲሁ። የ12 ዓመት ልጃችሁን አታስተረጉሙ። ምርመራው ደቂቃዎች ነው። ሸለፈቱን ራሳችሁ እንድትስቡት ጠይቁ፤ እስከምን እንደሚሄድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አዋቂ ከሆናችሁና ጥበቱ አዲስ ከሆነ የደም ስኳር ሳትለኩ አትውጡ። «ይህ የተለመደ ነው» ብቻ ተብላችሁ ከተሸኛችሁ ደግሞ ወደ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሐኪም) ሪፈር እንዲጻፍላችሁ በሩን ሳትይዙ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጣችሁ ጠይቁ።